አጋዘን የገጨች አሮጌ ፒክአፕ

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ከአገሩ ሲርቅ የሚገጥመው ችግር ሁሉ በጂኦግራፊ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። በአሜሪካ የሚኖር ወንድምዎ ወይም አብሮ አደግ ጓደኛዎ አንድ ቀን «አጋዘን ገጨሁ፤ መኪናዬም ተጎዳች፤ ላሠራት ወይስ ልጣላት?» ብሎ ቢጠይቅዎ በመጀመሪያ ቀልድ ይመስልዎት ይሆናል። በኛ አገር ጎዳና ነጂን የሚያሠጋው መኻል መንገድ ላይ ቆማ የምትተክዝ አህያ፥ ከመንጋው የተለየ ወይፈን፥ ሌሊትም ሲሆን ጅብ ነው። በዚያ አገር ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። በዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ መኪና ከአጋዘን ጋራ ይጋጫል፤ ሰውም ይሞትበታል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ከእነርሱም መካከል ዕቃ በማመላለስ፥ ቤት በመቀባትና በማደስ የሚተዳደሩ ስላሉ፥ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል።

አስቀድመን ስሙን እናጥራ። እኛ አጋዘን የምንለው ባለ ጠመዝማዛ ቀንዱ የቆላው እንስሳ በዘር ከከብትና ከፍየል ወገን ነው፤ ቀንዱም አንድ ጊዜ ከበቀለ እስከ ዕለተ ሞቱ አይወልቅም። የአሜሪካው ግን ሌላ ወገን ነው። የወንዱ ቀንድ በየዓመቱ በክረምታቸው ወልቆ ይወድቅና በጸደይ እንደ ገና ያቈጠቁጣል። ሲደነግጥ ጅራቱን ሽቅብ ስለሚያነሣና ከሥሩ ነጭ ስለሚታይ «ባለ ነጭ ጅራት» ብለው ይጠሩታል። በቋንቋችን ከአጋዘን የተሻለ ስም ስላልተሰጠው እኛም በዚሁ እንጥራው።

ይህ እንስሳ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ በአደን ብዛት ሊጠፋ ተቃርቦ፥ በመላው አገሪቱ የቀረው ከግማሽ ሚሊዮን እንደማይበልጥ ይገመት ነበር። በዚያው ዓመት በሕገ ወጥ መንገድ የታደነ እንስሳ ከስቴት ወደ ስቴት እንዳይነገድ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ በ1937 ደግሞ ከጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር አራዊት ጥበቃ እንዲውል ተደነገገ። ተኵላውም ከብዙው ስፍራ ስለ ጠፋ ዛሬ ቍጥሩ ወደ 30 ሚሊዮን ደርሷል። ከዚህም በላይ የከተማ ዳር ቤቶች፥ ባለ አበባ አጥራቸውና ባለ ጫካ ጓሯቸው፥ ለአጋዘን እንደ ተዘረጋ ገበታ ናቸው። እንግዲህ የሕግ መልካም ፍሬ በመኪና ኮፈን ላይ ሲወድቅ እንዲህ ይሆናል ማለት ነው።

ክፉው ወር የእኛ ጥቅምት ማለቂያና ኅዳር ነው። ያን ጊዜ ወንዱ ሴቷን ፍለጋ ሲሮጥ ግራና ቀኝ አያይም። በዚያው ሰሞን፥ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፥ የሰዓት አቈጣጠራቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ስለዚህ ትናንት በብርሃን ወደ ቤቱ ይመለስ የነበረው ሠራተኛ ዛሬ በድንግዝግዝታ ይመለሳል፤ አጋዘኑም የሚወጣው በዚያው በድንግዝግዝታ ነው።

በትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚማሩ አንባቢዎቻችን ይህን ሒሳብ ለራሳቸው ይሥሩት። በሰዓት 60 ማይል፥ ማለት 96 ኪሎ ሜትር ያህል፥ የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 27 ሜትር ይጓዛል። ነጂው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ያልፋል፤ ይህ ብቻውን 40 ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 50 ሜትር ይፈልጋል። ድምሩ 90 ነው። ዝቅ ያለው የፊት መብራት ግን አጥርቶ የሚያሳየው ወደ 60 ሜትር ብቻ ነው። ፍጥነቱን ወደ 45 ማይል ያወረደ ሰው በ60 ሜትር ገደማ ውስጥ ይቆማል፤ ባይቆምና ቢገጭም የምቱ ኀይል ከፊተኛው ግማሽ በጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ በዚያ ወር 15 ማይል መቀነስ ከማናቸውም መድን ይሻላል። በፓራውልት ላይ የሚለጠፍ «አጋዘን አባራሪ ፉጨት» የሚባል ነገርም ይሸጣል፤ ለመጥቀሙ ግን ማስረጃ ስላልተገኘለት ገንዘቡን ለመብራት አምፑል ቢያውሉት ይመረጣል።

አጋዘኑ ድንገት ፊት ለፊት ቢቆም ደግሞ መሪ መጠምዘዝ አይገባም። ፍሬን ረግጦ መስመርን ይዞ መግጨት ጭካኔ ቢመስልም፥ ከዛፍ ወይም ከፊት ለፊት ከሚመጣ ካሚዮን ጋራ ከመላተም ይሻላል። አንዱ ከተሻገረ በኋላም ሁለተኛውን ይጠብቁ፤ ብቻውን የሚሄደው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ፒክአፓችን እንመለስ። ወንድምዎ ያለችው በ1999 የተሠራች ቶዮታ ታኮማ ናት እንበል። ታኮማ በአሜሪካ በ1995 የሂሉክስን ቦታ የወሰደች፥ በአገራችን የምናውቃት የሂሉክስ የቅርብ ዘመድ ናት። ሰውየው በእርስዋ ቀለምና መሰላል እየጫነ ልጆቹን ያሳድጋል፤ ለእናቱም በየወሩ የሚልከው ገንዘብ የሚገኘው በእርስዋ ነው። እርስዋ ስትቆም ሁሉም ይቆማል። «ጣላትና ሌላ ግዛ» ማለት ለመካሪ ቀላል ነው፤ ሌላ ለመግዛት የሚያስፈልገውን ብድር የሚከፍለው ግን መካሪው አይደለም።

መድን አለው ወይ? ቢሉ፥ በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በኛ አገር የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ እንደ ሆነ ሁሉ በዚያም ነጂው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ዋስ የሚሆን መድን አለ። ይህ ግን የራሱን መኪና አይጠግንለትም። ለራሱ መኪና የሚሆነው በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ከሌላ መኪና ወይም ከግዑዝ ነገር ጋራ ለሚደርስ ግጭት ነው፤ ሁለተኛው ኮምፕሪሄንሲቭ የሚሉት ለሌባ፥ ለእሳት፥ ለበረዶና ለእንስሳ ነው። እንግዲህ አጋዘኑን ቢገጭ ሁለተኛው ይከፍላል፤ አጋዘኑን ለማዳን ሲል ዛፍ ቢገጭ ግን ጉዳዩ ወደ አንደኛው ይሄዳል። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁለቱንም ትቶ የግዴታውን ብቻ መያዙ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ ወጪው ከራሱ ኪስ ነው።

መድን ቢኖረውም ሌላ ነገር ይመጣል። የመድን ኩባንያው የጥገናውን ዋጋ ከመኪናይቱ ዋጋ ጋራ ያነጻጽራል። የሃያ ዓመት መኪና ገበያ ላይ የምታወጣው ጥቂት ስለ ሆነ ኮፈን፥ መብራትና ራዲያተር ብቻ ተበላሽቶ «ከጥገና በላይ ናት» ሊባል ይችላል። ባለቤቱ ተቀናሽ ተደርጎ መኪናይቱን ለራሱ ማስቀረት ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን በብዙ ስቴት የባለቤትነት ደብተሯ ላይ ይህ ይጻፍባታል፤ ከተጠገነችም በኋላ ልዩ ምርመራ ማለፍ አለባት። ይህን ሳይጠይቅ ወረቀት እንዳይፈርም ይንገሩት።

ከግጭቱ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ይህን አጥብቀን የምንናገረው በምክንያት ነው። አጋዘኑ ሲመታ ፍርግርጉ ይሰበራል፤ ራዲያተሩን የሚይዘው የፊት ላሜራ ወደ ኋላ ይገፋል። የዚህች ዓይነት ፒክአፕ ቬንትሌተሯ በኤሌክትሪክ የሚዞር ሳይሆን ከሞተሩ ጋራ የተያያዘ ነው፤ ሞተሩ እስከ ዞረ ድረስ እርሱም ይዞራል። ራዲያተሩ ሁለት ጣት ያህል ከተገፋ የቬንትሌተሩ ክንፍ እንደ መጋዝ ይበላዋል። ውኃው ካለቀ በኋላ «ቤት እስክደርስ» ብሎ አምስት ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው በጥቂት ገንዘብ ሊድን የሚችለውን ነገር ወደ እጅግ ከባድ ወጪ ይለውጠዋል፤ የሞተሩ ራስ በሙቀት ይጣመማልና።  ስለዚህ ከመኪናይቱ ሥር የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ካለ መጎተቻ መኪና ይጠራ።

የፈሰሰው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ፥ ነገሩ ግን መርዝ ነው። ውሻም ሆነ ሕፃን እንዳይቀምሰው በአሸዋ አስምጦ መጥረግ ይገባል። እንስሳውንም በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ በጠጕሩ ውስጥ የሚኖረው መዥገር በሽታ ያስተላልፋል። ከፍርግርጉ ላይ ጠጕሩንና ደሙን የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያጥልቅ።

በማግሥቱ፥ በፀሐይ ብርሃን፥ አንድ ሳንቲም ከመውጣቱ በፊት አንድ ምርመራ ይደረጋል፤ ይኸውም መዶሻ ይዞ ከመኪናይቱ ሥር መግባት ነው። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ስለሚበትኑ የዚያ አገር መኪና ከሥሯ ትበላለች። በተለይ የመጀመሪያዋ ታኮማ በዚህ ስሟ የታወቀ ነው፤ ቶዮታ ራሱ በ2008 እ.ኤ.አ. ለሻንሲዋ ዝገት ልዩ ዋስትና አውጥቶ አንዳንዶቹን ከባለቤቶቻቸው መልሶ እስከ መግዛት ደርሶ ነበር። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ፥ ይልቁንም በኋላ ጎማዎች አጠገብ፥ በመዶሻ ያንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠና የዝገት ቅርፊት ከረገፈ፥ መዶሻውም ከሠረጎደው፥ አጋዘኑ ባለቤቱን ውለታ ውሎለታል እንላለን፤ ያች መኪና የመንገድ ሳይሆን የቁራጭ ብረት ነጋዴ ናትና። ወንድምዎ ስለ ኮፈንና ስለ ቀለም ሲጨነቅ ይህን ይርሳው ይሆናል፤ እርስዎ ያስታውሱት።

ሻንሲው ደህና ከሆነ ግን በኛ አስተያየት መጠገን ይገባል። ፒክአፕ ከቤት አውቶሞቢል የሚለየው በዚህ ነው፤ የፊቷ ላሜራ በጠንካራ ሻንሲ ላይ በቡሎን የተሰቀለ ስለ ሆነ ፈትቶ መለወጥ ይቻላል። ኮፈኑ በአራት ቡሎን፥ ፓራፋንጎው በጥቂት ቡሎኖች ይወጣል። ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ገመድ ወልቆ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ፤ በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት የራሱ የኤሌክትሪክ ኀይል ስላለው ሠራተኛውን በድንገት እንዳይመታው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የተገፋውን የራዲያተር ላሜራ ወደ ቦታው መመለስ ነው። አንዳንድ ሰው ሰንሰለት ከዛፍ ጋራ ያስርና መኪናይቱን ወደ ኋላ በመንዳት ይጎትተዋል። ሲሠራ አይተናል፤ ይሠራልም። ሆኖም ሰንሰለት የተበጠሰ እንደ ሆነ ሰው ይገድላልና አንመክረውም። በእጅ የሚሠራ የሰንሰለት መጎተቻ በቀስታ ይጎትታል፤ በላዩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ መጣልና ከሰንሰለቱ መስመር ገለል ብሎ መቆም ያስፈልጋል። ምን ያህል እንደሚጎተት የሚታወቀው በዓይን አይደለም። ከቀኝ የላይኛው ጥግ እስከ ግራ የታችኛው፥ ከግራ የላይኛው እስከ ቀኝ የታችኛው በሜትር ይለኩ፤ ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች እኩል እስኪሆኑ ድረስ ሥራው አላለቀም። በስምንተኛ ክፍል «ይህ ምን ይጠቅመኛል?» ያልነው ጂኦሜትሪ ለዚህም ይጠቅማል። እኩል ሳይሆኑ አዲስ ኮፈን የገጠመ ሰው በአንዱ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት፥ በሌላው የተፋፋቀ ቀለም ያገኛል፤ ከዚህ የከፋው ግን መቆለፊያው ልክ አለመግጠሙ ነው።

የኮፈን መቆለፊያ ነገር በቀላሉ መታየት የለበትም። በሰዓት 60 ማይል ሲነዱ የተከፈተ ኮፈን ወደ ላይ ተገልብጦ የፊቱን መስተዋት ይሸፍናል። የተጣመመ መቆለፊያ አይቃናም፤ ይለወጣል። ሁለተኛው መንጠቆ፥ በጣት የሚከፈተው፥ ብቻውን ኮፈኑን መያዝ መቻሉን በእጅ ስቦ መሞከር ነው።

መለዋወጫው ከየት ይገኛል? ቢሉ፥ መርካቶ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ተራ እንዳለ ሁሉ በዚያም የተጣሉ መኪናዎች በየረድፉ የሚቆሙበት ሰፊ ግቢ አለ። ገዢው የራሱን መፍቻ ይዞ ገብቶ፥ የሚፈልገውን በገዛ እጁ ፈትቶ፥ በር ላይ ይከፍላል። ዋጋውም ከአዲሱ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ዓመቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዋ ታኮማ ከ1995 እስከ 2004 ብትሠራም በ2001 ፊቷ ስለ ተለወጠ፥ የ2002ቷ መብራትና ፍርግርግ ለ1999ኟ አይሆንም። ሁለት ጎማ የሚነዳትና አራቱም ጎማ የሚነዳት ጭምር የሚለያዩበት ነገር አለ። ስለዚህ የተሰበረውን ይዞ ሄዶ ጎን ለጎን ማስተያየት ከማናቸውም ካታሎግ ይሻላል። ያገለገለ ኮፈንና ፓራፋንጎ ይግዛ፤ ራዲያተር ግን አዲስ ይግዛ። የአሮጌ ራዲያተር ውስጡ አይታይምና።

ስለ ራዲያተር ሳለን፤ መኪናይቱ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት እንደ ሆነ የካምቢዮው ዘይት የሚበርደው በራዲያተሩ ታች ባለው ትንሽ ቧንቧ ውስጥ ነው። በግጭቱ ይህ ቧንቧ ከተሰነጠቀ ውኃና ዘይት ይደባለቃሉ። የራዲያተሩን ክዳን፥ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ፥ ከፍተው ሲያዩ እንጆሪ የተቀላቀለበት ወተት የሚመስል ነገር ካገኙ መኪናይቱን ማስነሣት አይገባም፤ ካምቢዮው እስኪታጠብ ድረስ።

ከራዲያተሩ ፊት ያለው ሌላው ወንፊት መሳይ ነገር የአየር ማቀዝቀዣው ነው። እርሱን ራስዎ አይፍቱት። በውስጡ ያለው ጋዝ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ስለ ሆነ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ወደ አየር መልቀቁንም የአገሪቱ ሕግ ይከለክላል። ፈቃድ ያለው መካኒክ በመሣሪያ ይስበው። ገንዘብ ያጠረው ሰው ይህን ለበጋ ቢያስተላልፈው ምንም አይደለም፤ በኅዳር ማን ማቀዝቀዣ ይሻል?

ለመብራት ግን ቀጠሮ አይሰጥም። በአንድ ዓይን የምትሄድ መኪና ከሩቅ ሞተር ሳይክል ትመስላለች፤ በቨርጂኒያም በየዓመቱ ከሚደረገው ምርመራ አታልፍም። አዲሱ መብራት ከተገጠመ በኋላ መኪናይቱን በተስተካከለ መሬት ላይ፥ ከግድግዳ 25 ጫማ፥ ማለት ሰባት ሜትር ተኩል ያህል አርቀው ያቁሟት። የመብራቶቹን መኻል ቁመት በግድግዳው ላይ በኖራ ያስምሩ። ዝቅ ያለው ብርሃን የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ በጥቂት ጣት ዝቅ ማለት አለበት። ከመስመሩ በላይ ከሆነ የሚመጣውን ነጂ ያሳውራል፤ እጅግ ዝቅ ካለ ደግሞ ያ 60 ሜትር ያልነው ወደ 30 ይወርዳል።

ቀለሙን በተመለከተ ብዙ አንጨነቅም። የተቧጨረውን ብረት ግን ሳይውል ሳያድር በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ ፀረ ዝገት መቀባት ግድ ነው፤ ጨዉ የሚጠብቀው ያንን ነውና። ትንሽ ስርጉድ በስቱኮ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ነጭ መኪና ላይ አረንጓዴ ፓራፋንጎ ቢገጠም ምን ነውር አለው? የሠርግ መኪና አይደለችም። ወንድምዎ ለቀለም ያሰበውን ለፊት ጎማዎች ማስተካከያ ቢከፍል ጎማው ወደ አንድ ወገን እየተበላ ገንዘቡን እንዳይበላው ይሆንለታል።

ምናልባት ሥጋውስ? የሚል አንባቢ ይኖራል። በአንዳንድ ስቴት ለፖሊስ አስታውቆ የገጨውን አጋዘን ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው አለ። የኛ ሰው ግን፥ ክርስቲያኑም ሆነ እስላሙ፥ ተባርኮ ያልታረደ ስለማይበላ ለፈረንጅ ጎረቤቱ ይተውለታል፤ ጎረቤቱም በአጸፋው መፍቻና የሰንሰለት መጎተቻ ቢያውሰው ሁለቱም ተጠቀሙ።

ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ራዲያተሩ ተሞልቶ ክዳኑ ሳይገጠም ሞተሩ ይነሣ፤ አየሩ እየተንቦቀቦቀ ይወጣል። ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ በሰፈር ውስጥ ለሩብ ሰዓት መንዳት፥ የሙቀት መለኪያውንም እያዩ መመለስ ነው። በማግሥቱ ጧት ከሥሯ ካርቶን ዘርግቶ የተንጠባጠበ መኖሩን ማየት፥ የራዲያተሩን ውኃ መጨመር፥ መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላም የኮፈኑንና የፓራፋንጎውን ቡሎኖች አንድ ዙር ማጥበቅ ይቀራል።